ስምንት ቀዳዳ የታዘዘበት ክዳን

«ሰውዬው ዛሬ ማታ ይመጣል። ላግባው ወይስ ይቅርብኝ፣ አንተ አንድ ቃል ሳትተነፍስ መልስ አልሰጠውም» አለች እናታችን፣ ለወንድሜ ሻይ እየቀዳችለት። ድምፅዋ ውስጥ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ስኳሩንም እንደ ወትሮዋ ራሷ ጨምራ አማሰለችለት። ወንድሜ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ይዞ ነበር። አንዱን ግማሽ አየ፣ ሌላውን ግማሽ አየ፣ ከዚያ ሁለቱንም ሳህኑ ላይ መለሳቸውና «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተነሳ። ደረጃውን ሲወርድ፣ የወርክሾፑን በር ሲከፍት፣ ከዚያም ብረት የሚታሰርበት የሞርሳው እጀታ ሲሽከረከር ከላይ ሆነን ሰማነው። እናቴ የተወውን ዳቦ በጨርቅ ሸፈነችና ወደ እኔ ዞራ «ገባ» አለችኝ።

ወንድሜ ወዴት እንደገባ ልንገራችሁ። ከመኖሪያ ክፍሎቻችን በታች ያለችው ወርክሾፕ የአባታችን ነበረች፤ አሁን የወንድሜና የእኔ ናት። እኔ በትራፓኖ ብረት እበሳለሁ፣ እሱ እኔ በበሳሁት ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ያወጣል። ብሎን ልሙጥ ቀዳዳ ውስጥ አይቆምም፤ የቀዳዳው ግድግዳ ዙሪያውን ጥርስ ሊኖረው ይገባል። ይህን የሚሠራው ጥርስ ማውጫ የምንለው፣ በእጀታ ተይዞ በእጅ የሚዞር ቀጭን ብረት ነው። ወንድሜ የሚታወቀው ደግሞ በትንንሾቹ ነው፤ ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማይወፍሩትን ይዞ፣ ያውም ስቴንለስ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ስቴንለስ አመለኛ ብረት ነው። ለዓይን የሚያብለጨልጭ፣ ለእጅ የለሰለሰ ይምሰል እንጂ ሳይቆርጡት ዝም ብለው ካሹት ይጠነክርና ከነበረው ይብሳል። ዘይት ይፈልጋል፣ የተሳለ ነገር ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሐሳቡ የተሰበሰበ ሰው ይፈልጋል።

ለዚህ ነው አባታችን ሕግ ያወጣው። ጥርስ ማውጫው ቀዳዳ ውስጥ እያለ ማንም አፉን አይከፍትም። ሥራው የክንድ ሳይሆን የጣት ነው፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ የተቆረጠው ፍቅፋቂ እንዲወጣ፣ ከዚያ እንደገና። ብረቱ እንቢ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ጣት ነው። በዚያች ሰዓት አንዱ መጥቶ «ስማ እንጂ» ቢልህና እጅህ ትንሽ ዘንበል ቢል፣ ቀጭ ይላል። ውስጥ የቀረውን ስባሪ የትኛውም የትራፓኖ መብሻ፣ ፑንታ የምንለው፣ አይበሳውም፤ ፑንታው ራሱ ይዶለዱማል። ያ ዕቃ አለቀለት። ስለዚህ እኛ ቤት ድስት ሲያር እንኳ እናቴ ደረጃው አፍ ላይ ቆማ በእጇ ትጠቅሰኛለች እንጂ አትጣራም። ስልካችን ድምፅ የለውም፣ ደንበኞቻችን በሹክሹክታ ነው ሰላም የሚሉን፤ አዲስ የመጣ ሰው ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል።

ሕጉ ደግ ሕግ ነበር። ጣጣው ሕጉ ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለራሱም እንደሚጠቅመው ወንድሜ ስለገባው ነው። ምን ጊዜም ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት፣ እጁ ወደ እጀታው ይሄዳል፤ እሱ ካዞረ እኛ ዝም ማለት አለብን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላው ቢቀር ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ለመቆጣትም መናገር ያስፈልጋላ። ከዓመታት በፊት ልብስ ሰፊዋ እጮኛው መጥታ «መቼ ነው የምንጋባው?» ስትለው የአንድ ሙሉ የብረት በር ማጠፊያ ጥርስ አውጥቶ ጨረሰ። ልጅቷ ቆማ ቆማ ሄደች። አሁን የሹፌር ሚስት ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ወንድምሽ እያዞረ ነው?» ብላ ትስቃለች። እሱ ስለ እሷ አንስቶ አያውቅም፤ በሩ ግን እስከ ዛሬ አይንቋቋም ይላሉ ባለቤቶቹ።

እናቴን የጠየቋት ሰውዬ ደግሞ የላውንደሪ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ረጋ ያሉ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ወረቀት የሚቆርጥ ሰው። እኔ በልቤ አቶ ኮሌታ እላቸዋለሁ። ዓመት ሊሆናቸው ነው ለወርክሾፓችን ሥራ ማዘዝ ከጀመሩ። መጀመሪያ የሳሙና ሳጥን ክዳን አዘዙ፣ ቀጥሎ የውኃ ታንከር ክዳን፣ ቀጥሎ የመሳቢያ ክዳን። አንድ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ይህን ያህል መከደን ያለበት ነገር ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም፤ ምክንያቱም እኔ ገብቶኝ ነበር፣ እናቴም ገብቷት ነበር፣ ወንድሜ ደግሞ ጥርስ እያወጣ ነበር። ክዳኑን ሊወስዱ ሲመጡ ደረጃው ሥር ቆመው «እንደምን ዋሉ» ይላሉ ወደ ላይ፤ እናቴ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ» ትላለች ወደ ታች፤ እያደር «እርስዎ» የነበረው «አንተ» ሆነ፣ ደረጃው ሥር የነበረው ጨዋታ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። አሁን ሱቃቸውን ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሊያዛውሩ ነው። የሚከራዩት ቤት ባለ አንድ ክፍል ይሁን ባለ ሁለት ለአከራያቸው ነገ ጠዋት መናገር አለባቸው፤ እናቴ ቁርጥ ካልነገረቻቸው አንዷን ክፍል ይዘው ብቻቸውን ይሄዳሉ። እናቴ ልቧ ሄዷል። ግን «ልጄ ዝም እንዳለኝ ከቤቴ አልወጣም» ብላ ምላ ተገዝታለች፤ እሷ ደግሞ አንዴ ካለች ወይ ፍንክች።

ስወርድ ወንድሜ ከሥራው ሁሉ መርጦ ሞርሳው ላይ ያሰረው የእሳቸውን ክዳን ነበር። የልብስ መተኮሻ ማሽን ክዳን ነው፤ የመኪና ሰሌዳ ስፋት ያላት ስቴንለስ፣ ዙሪያዋን ስምንት ትንንሽ ቀዳዳ የታዘዘባት። ቀዳዳዎቹን ትናንት በስቼለት ነበር። ጥርስ ማውጫዎቹን በተርታ ደርድሯቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ያጠልቃል፣ ሦስተኛው ይጨርሳል። ዘይት ጠብ አደረገ፣ አንደኛውን አስገባ፣ ማዞር ጀመረ። እኔ ጥግ ላይ የሌላ ደንበኛ ላሜራ ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ ብዙም አልቆየች። ሻይ በብርጭቆ ይዛ ወረደች፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት፣ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሽንኩርት በሳህን ይዛ ስለነበር መላጥ ጀመረች። ወንድሜ ቀና ብሎም አላያት። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሽንኩርቱ አለቀ፣ እሱ ገና ግማሹ ላይ ነበር።

የመጨረሻውን ቀዳዳ ጨርሶ ጥርስ ማውጫውን ሲያወጣ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወንድሜ ግን ከአፏ ነጠቃት። እርሳስ አንስቶ ክዳኑ መሐል ላይ ነጥብ አደረገና ወደ እኔ ገፋው።

«እዚህ ጋ አንድ ጨምሪ» አለኝ።

«ትእዛዙ እኮ ስምንት ነው።»

«ለእንፋሎቱ ነው፣ መውጫ ይፈልጋል።»

«እና እንፋሎት ጥርስ ምን ያደርግለታል?» አልኩት። ለምን በሳሽለት ትሉኝ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ትራፓኖውን አስነሳሁና በሳሁለት፤ ትራፓኖ ሲጮህ ደግሞ ማንም አይነጋገርም፤ እኔ ሳቆም እሱ ዘይት ጠብ አድርጎ ጥርስ ማውጫውን ከተተ። እናቴ የጀመረችውን ጉሮሮ መጥረግ ወደ ሳል ቀየረችውና ሽንኩርቷን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ እየሳቀች ነው ለካ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠቀሰችን። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ጭራሽ ቀና አላለም። እናቴ ምሳውን በሳህን ይዛለት ወረደችና ያው ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ቀኝ እጁ እጀታው ላይ እንዳለ በግራ እጁ በላ። አንድ ጊዜ ይጎርሳል፣ ግማሽ ዙር ያዞራል፣ ያኝካል፣ ሩብ ዙር ይመልሳል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አባታችን ቢያየው ሕጉን በገዛ እጁ የሚሰርዘው ይመስለኛል። እናቴ ግን ተረጋግታ ታየዋለች፤ ሲጨርስ ሳህኑን ተቀበለችው፣ አፉን የሚጠርግበት ጨርቅ ሰጠችው። ከዚያ አልሄደችም። እሱም አላቆመም። በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል፣ ወደ እኔ ይገፋል፣ እኔ እበሳለሁ፣ እሱ ያዞራል። ክዳኑ ቀስ በቀስ ወንፊት መሰለ። ከአሥረኛው በኋላ ለእንፋሎት ነው ማለቱንም ተወው።

ከሰዓት በኋላ ሳቄ ጠፋ። ወንድሜ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ቀና ሳይል፣ ክዳኑ ላይ ባዶ ቦታ ሲፈልግ ሳየው አንጀቴን በላው። ትልቅ ሰው ነው እኮ፣ ጢሙ መሸበት ጀምሯል፤ ከእናቱ አንዲት ጥያቄ የሚሸሽበት ቦታ ግን ከመኪና ሰሌዳ የማትበልጥ ብረት ብቻ ናት። እናቴም ደክሟታል። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደግፋ በሩን ታያለች፤ መንገዱ ላይ ጥላው እየረዘመ ነው፣ ላውንደሪ ቤቱ የሚዘጋበት ሰዓት እየቀረበ ነው። ካሁን ካሁን ትናገራለች እላለሁ፣ እሷ ግን ባሏ ያወጣውን ሕግ አትጥስም። ክዳኑ ላይ የቀረችው ቦታ አንዲት ጥግ ነበረች። ነጥብ አድርጎ ገፋልኝ።

«ፑንታው ደንዝዟል» አልኩት።

«ይበሳል።»

«ስቴንለስ ነው እኮ። ያሸዋል እንጂ አይቆርጠውም።»

«ብሺው ብያለሁ» አለ። ብሶኝ እንደሆነ እንጃ፣ በሳሁት። ፑንታው ጮኸ፣ ዘይቱ ጨሰ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውስጡ እንደ መስታወት ጠንክሯል፤ ይህን ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል። ጣቱን ላዩ ላይ አሳረፈ፣ ትንሽ ቆየ፣ እናቴን በዓይኑ ጥግ አያት። እሷ ከባልዲው ላይ ልትነሳ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ቀጭኗን ጥርስ ማውጫ አንስቶ ከተተ።

ግማሽ ዙር ሄደ። ሩብ ተመለሰ። ሁለተኛውን ግማሽ ሲጀምር እጀታው አንገራገረ፣ ክንዱ ላይ ሥሩ ሲገተር አየሁ። በዚህ መሐል እናቴ ተናገረች። እድሜዋን ሙሉ ጥርስ ማውጫ ቀዳዳ ውስጥ እያለ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ አልተቆጣሁህም» አለች። «አባትህ ተረስቶኝ አይደለም። ቤቱ ጠቦኝም አይደለም። ግን አንድ ነገር በለኝ። እሺ በል፣ እንቢ በል፣ ሂጂልኝ በል፤ የምትለኝን ይዤ እሄዳለሁ። ምንም ሳትለኝ ግን እግሬ አይነሳልኝም።»

ወንድሜ እጁን አላነሳም። ያለው ምርጫ ማቆም ወይም መቀጠል ነበር፣ ቀጠለ። ቀጭ አለ። ትንሽ ድምፅ ናት፣ ደረቅ እንጨት በጣት እንደመስበር ያለች። እጀታው ብቻውን እጁ ላይ ቀረ፤ ስባሪው ክዳኑ ውስጥ ተወሽቆ ጫፉ እንኳ አይታይም። አሁን ቀዳዳው ውስጥ የሚያዞረው ነገር የለም፣ ቦታም የለም፣ ሕጉም አይሠራም። ወንድሜ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጆቹን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ክዳኑን እያየ፣ ለክዳኑ የሚናገር ይመስል፣ «አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ያነጋግረኛል?» አለ።

እኔ እዚያው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ትራፓኖ ይዤ ቆሜ ነበር። ልስቅ አፌን ከፍቼ ሳቁ አልወጣ አለኝ። ለዓመታት አፋችንን ያስያዘን ይሄ ሰው፣ ዛሬ የሚያነጋግረው ሰው እንዳያጣ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲወጋ መዋሉ ነው። እናቴ ከባልዲው ተነስታ አጠገቡ ሄደች። በመሐረቧ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብና ዘይት ጠረገችለት።

«እኔም እኮ እሱኑ ብዬ ነው የማገባው፣ ልጄ» አለችው። «አባታችሁ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት እኔን ማን ያነጋግረኛል?»

እንዲህ ስትል የሚያስቅ ነገር እንደተናገረች ፈገግ ብላ ነበር፤ ወቀሳ እንዳይመስልብን ነው። ወንድሜ ግን ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። እኔም ፑንታ የምቀይር መስዬ ዞርኩ፤ ነገሩ እኔንም አግኝቶኛል። ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ሳህን እያጠበች የምታወራው ከእኛ ጋር ይመስለኝ ነበር፤ አንዳችንም መልስ ሰጥተናት እንደማናውቅ ልብ ብዬው አላውቅም። ወንድሜ የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አላቀቀ፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም፤ ያላሠራነው ማሽን ደግሞ አንድ ቀን ተነስ ቢሉት ከየት ያመጣዋል።

አቶ ኮሌታ እንዲህ ሆነን ሳለ መጡ። በሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው በሹክሹክታ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ሸሚዛቸው ነጭ፣ ኮሌታቸው ያው ነው። ዓይናቸው መጀመሪያ እናቴን ፈለገ፣ ፊቷን አየ፣ ምንም አላገኘበትም፤ ከዚያ ክዳኑ ላይ አረፈ። ጠጋ ብለው አዩት። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ክዳኑን አነሱና ወደ ብርሃኑ ያዙት፤ ብርሃኑ በየቀዳዳው ገብቶ ሸሚዛቸው ላይ ነጠብጣብ ሠራ።

«ሳዝዝ ስምንት ያልኩ ይመስለኛል» አሉ፣ በጣም በይሉኝታ። «ግን ባለሙያው ይጨመር ካለ እኔ ምን አውቄ።»

«ተበላሽቷል» አለ ወንድሜ። ጨርቁን ጨብጦ እንደገና ጀመረ። «ተበላሽቷል ጋሼ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሌላ እሠራለሁ፤ አዲሱ ሱቅ ድረስ ራሴ አመጣልዎታለሁ።» እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ለእሱ ይሄ የአንድ ወር ንግግር ነው። እሱ ግን ጨርቁን አስቀመጠና «ባለ ሁለት ክፍሉን ይከራዩ» አለ።

አቶ ኮሌታ ክዳኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሊጠርጉት ሸሚዛቸውን ሳቡ፣ የተኮሱትን ሸሚዝ ሊያጨማድዱት እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ተዉት። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። እናቴ መሐረቧን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጣጠፈች። ከዚያ ወደ ላይ እንውጣ ብላ ቀደመችን፤ ሁላችንም ተከተልናት። ወርክሾፑ እንዲህ በጊዜ ሲዘጋ ከአባታችን ሞት ወዲህ የመጀመሪያው መሰለኝ።

ጠረጴዛችን ለሦስት ሰው የምትበቃ ናት፤ አራተኛውን ወንበር ከመኝታ ክፍሌ አመጣሁ። እናቴ ሻይ ቀዳች። ስለ አዲሱ ሱቅ ትንሽ ተወራ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ አቧራ። ወንድሜ ባዶ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ጉልበቱ ላይ፣ ከጉልበቱ ጠረጴዛው ላይ ያመላልሳቸዋል። ወደ ወርክሾፑ ሊወርድ ነው ብዬ ዓይኔን ደረጃው ላይ አድርጌ ነበር። እሱ ግን ወደ አቶ ኮሌታ ዞረ፤ የማያውቀውን ማሽን አሠራር የሚጠይቅ ሰው ፊት ነበረው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። «ከእሷ ጋር ስትሆኑ ምንድን ነው የምታወሩት?»

እሳቸው ግራ ገባቸው። እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ። የሚቀልድባቸው አለመሆኑን ሲያረጋግጡ «ምንም እኮ አይደለም» አሉ። «እኔ ዛሬ ምን ዋልሽ እላታለሁ። እሷ ትነግረኛለች። ከዚያ እሷ ትጠይቀኛለች። በቃ፣ ሌላ ምን አለው?»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እናታችን ዞረ፤ ቀኑን ሙሉ የቀለም ባልዲ ላይ፣ ከፊቱ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣ ወደዋለችው እናታችን ዞሮ፣ «ዛሬ ምን ዋልሽ?» አላት።

እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። አልሳቀችም። ወንበሯን ትንሽ ወደ እሱ አስጠጋችና ከማለዳው ጀምራ፣ ስትነሳ ወገቧን ምን እንዳለው፣ ዳቦ ሻጩ ምን እንዳላት፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንዳቃጠላት፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው።